ማግኔት የሚስበው ወረቀት

[ምስል፦ ነጭ፣ ርጥብ፣ ሲነካ የሚንቀጠቀጥ ቁራጭ]

ይህ እንደ ጄሊ የሚርገበገበው ነገር ሴሉሎስ ነው፤ ጥጥና እንጨት የተሠሩበት ያው ሴሉሎስ። ይህን ግን ያመረቱት ባክቴሪያዎች ናቸው። ብዙ በቆየ አቸቶ ላይ ተንሳፍፎ የሚገኘውን የሚያሟልጭ ስስ ቆዳ ካያችሁ የእነርሱን ሥራ አይታችኋል። ክሮቹ ከ20 እስከ 70 ናኖ ሜትር ብቻ ይወፍራሉ፤ አንድ ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። አንድ የሰው ፀጉር ከአንዱ ክር አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ይወፍራል።

በስዊድን፣ በስቶክሆልም የሚገኘው የኬቲኤች የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ፣ ከዚህ ክር ማግኔት የሚስበው ወረቀት ሠርተዋል።

የማግኔት ዱቄት ከክሩ ጋር ደባልቆ ማድረቅ ለምን አይበቃም? በሶ በጥብጣችሁ የምታውቁ መልሱ አይጠፋችሁም፤ ይቋጠራል። ናኖ ቅንጣቶችም (በናኖ ሜትር የሚለኩ ደቃቅ ቅንጣቶች) እንዲሁ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ወረቀቱም በተቋጠሩበት ቦታ ላይ በቀላሉ ይሰበራል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ የማግኔቱን ክሪስታል ከክሩ ጋር አልቀላቀሉትም፤ እዚያው ክሩ ላይ አበቀሉት። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ሐሳብ ነው።

[ምስል፦ በረዶ የሆነው ቁራጭ በቫኪዩም (አየሩ በወጣለት ዕቃ) ውስጥ]

መጀመሪያ ውኃው መውጣት አለበት። ዝም ብሎ ቢደርቅ ክሮቹ ተጣብቀው ይጨማደዳሉ። ስለዚህ ይቀዘቅዛል፤ በረዶውም ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ተን ይለወጣል። የሚቀረው 98 በመቶው ባዶ ቦታ የሆነ ስፖንጅ ነው። ይህ ስፖንጅ ብረት ሰልፌትና ኮባልት ክሎራይድ በሟሙበት ውኃ ውስጥ ተነክሮ እስከ 90 ዲግሪ ሴልሲየስ ይሞቃል። ቀጥሎ ኮስቲክ ሶዳና ፖታሲየም ናይትሬት ወደሟሙበት ሙቅ ውኃ ይዛወራል። ማግኔታዊ የሆኑት የኮባልት ፌራይት (የብረት፣ የኮባልትና የኦክስጅን ውሁድ) ክሪስታሎች የሚወለዱት እዚህ ነው፤ ነጩም ስፖንጅ ይጠቁራል።

[ምስል፦ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የታየ ክር]

ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ። ክሪስታሎቹ ከ40 እስከ 120 ናኖ ሜትር ስፋት አላቸው። አልተቋጠሩም፤ በክር ላይ እንደ ተሰካ ዶቃ ሆነዋል።

በኮባልት ፌራይት ፋንታ በዚንክ ኦክሳይድ ቅንጣቶች ከሆነ የአልትራቫዮሌት ጨረርን የሚከላከል፣ በብር ቅንጣቶች ከሆነ ባክቴሪያ የሚገድል ወረቀት ይገኛል።

[ምስል፦ ስፖንጁ ከማግኔት አጠገብ]

ጥቁሩ ስፖንጅ በድጋሚ በበረዶ ዘዴ ሲደርቅ ሳይሰበር ይታጠፋል፤ ውኃ ይመጥጣል፣ ሲጨመቅ ይተፋል፤ ተራ ማግኔት ሲጠጋው ወደ ማግኔቱ ይጎብጣል። በማተሚያ ሲጫኑት ደግሞ ስስና ጠንካራ ወረቀት ይሆናል።