ልጃችንን ቁጠሩልን

በልጃችን ሙት ዓመት፣ ከቅዳሴ በኋላ በቁምስናው አዳራሽ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶች፣ ሲስተሮች፣ ወላጆቻችን፣ የዕድራችን ሰዎች፣ ጎረቤቶቻችን፤

ስለመጣችሁ እኔም ባለቤቴም ከልብ እናመሰግናለን። አንዳንዶቻችሁ “ለሕፃንም ሙት ዓመት ይወጣል እንዴ?” ማለታችሁን ሰምቻለሁ። አልከፋኝም። አገሩ የለመደው ይሄንኑ ነው። ሕፃን ሲሞት ለቅሶው ቶሎ ይነሣል። “እግዚአብሔር ይተካ” ይባላል፤ ከዚያ ወሬው ይዘጋል። ልጃችን ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላት ነው ያረፈችው። ግን ኖራለች። እንዴት እንደኖረች ልንገራችሁ።

የተወለደችው በሰባት ወሯ ነው። ወዲያው ማሞቂያ ገባች። ክብደቷ ከኪሎ ተኩል በታች ነበር። አያቷ የሠራችላት ኮፍያ አገጯ ድረስ ስለወረደ ሁለት ጊዜ አጥፈን አደረግንላት። ወተት የምትወስደው በቀጭን ቱቦ ነው። እናቷ የቀዶ ጥገናው ቁስል ሳይደርቅ፣ ግድግዳ እየያዘች፣ ሌሊት ሌሊት ወተቷን አልባ ታመጣላት ነበር።

ትንሽ ሻል ሲላት ነርሶቹ እናቷ ደረት ላይ አስተኟት። ገላ ለገላ፣ ከላይ ነጠላ። የካንጋሮ እንክብካቤ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ ማሞቂያ ሲያጥራቸው ዶክተር ኤድጋር ሬይ የጀመሩት ዘዴ ነው። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅትም ያለጊዜያቸው ለሚወለዱ ልጆች ይመክረዋል። እኔ በዓይኔ ያየሁት ይህን ነው፤ ማሽኑ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል የዋለው የልብ ምቷ እናቷ ጋ ስትሆን ይረጋጋል። እናቷ ስታወራ ወደ ድምፁ ለመዞር ትታገላለች። እናቷን ለይታ የምታውቅ ልጅ እንዴት “አልኖረችም” ትባላለች?

ከዚያ ኢንፌክሽን ያዛት። በአንድ ሌሊት ደከመች። ዶክተሩ ጠርቶ እውነቱን ነገረን። ለአባ ደወልኩ፤ ከከተማ ውጭ ነበሩ። “እኔን አትጠብቅ፣ አንተው አጥምቃት” አሉኝ። እኛ የግእዝ ሥርዓት ካቶሊኮች የምንተዳደርበት የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና በቁጥር 677 ይፈቅደዋል። ጭንቅ ሲመጣና ካህን ሲታጣ ሌላ ክርስቲያን ያጠምቃል፤ ማጥመቅ የሚያውቅ ሌላ ሰው ከሌለ ደግሞ አባትም እናትም ይችላሉ።

የዚያን ሌሊት ተረኛዋ ነርስ ኦርቶዶክስ ናት፤ ማተቧ አንገቷ ላይ አለ። ምንም ሳልነግራት ውሃ ለብ አድርጋ በሲሪንጅ ይዛልኝ መጣች። በማሞቂያው ቀዳዳ እጄን አስገብቼ፣ ግንባሯ ላይ ሦስቴ አፍስሼ፣ “በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሻለሁ” አልኳት። ነርሷ “አሜን” አለች። በነጋታው አባ ደርሰው ሜሮን ቀቧት።

እናቴ “ሰማንያዋ ሳይደርስ፣ ያውም በአባቷ እጅ! ይያዝላት ይሆን?” ብላ ተጨንቃ ነበር። አባም “ተይዞላታል፣ ጥምቀት አይደገምም” አሏት። ያን ቀን ማታ ልጃችን እናቷ ደረት ላይ አረፈች።

ልጃቸው ሳይጠመቅ ያረፈባቸው ወላጆችም እዚህ መካከላችን እንዳሉ አውቃለሁ። ለእናንተ አንድ ነገር ልበል። የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 1261 እነዚህን ሕፃናት ለእግዚአብሔር ምሕረት አደራ ይሰጣቸዋል፤ “ሕፃናትን ወደ እኔ ይመጡ ዘንድ ተዉ፣ አትከልክሉአቸው” ያለውንም የጌታን ቃል ያነሣል። እ.ኤ.አ. በ2007፣ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ ዘመን፣ ዓለም አቀፉ የነገረ መለኮት ኮሚሽን ይህንኑ ጉዳይ አጥንቶ ስለ መዳናቸው ተስፋ ለማድረግ በቂ ምክንያት እንዳለን ጽፏል። ስለዚህ ማንም ሰው ቤታችሁ መጥቶ በልጃችሁ ነፍስ እንዲያስፈራራችሁ አትፍቀዱ።

እኛ ብቻ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአገራችን በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ ይሞታሉ። ይህን ያህል ቤት ውስጥ ሐዘን ገብቶ ይህን ያህል ዝም መባሉ ያሳዝነኛል።

ያጽናናንን ነገር ሳልናገር አልወርድም። ባለቤቴ ባዶ እጇን ወደ ቤት ስትመለስ ወተቷ አልቆመም። ጡቷ ልጅ መሞቱን አያውቅም። ሌሊት ወተቱ ልብሷን አርሶት ስትነቃ አብሬያት አለቅስ ነበር። ሰው ምን እንደሚል ግራ ገብቶት ከበር ይመለስ ነበር። ያን ጊዜ ከጎረቤቶቻችን አንዷ ገንፎና አጥሚት ይዛ ገባች። “ልጅ ባይኖርም አራስ ናት፤ አራስ ደግሞ ትታረሳለች” አለች። ወገቧን አሰረችላት፣ አበላቻት፣ ከዚያ ቁጭ ብላ “ልጅቷ ማንን ትመስል ነበር?” ብላ ጠየቀቻት። ባለቤቴ ስለ ልጇ ከልቧ ያወራችው ያኔ ነው። አፍንጫዋ የአባቷ፣ ጣቶቿ የአያቷ። ዕድራችንም “ለሕፃን አይተከልም” ሳይል ድንኳን ተከለልን። ውለታችሁን አንረሳም።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ለሐዘንተኛ እናት “ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ” አትበሉ። ብትወልድ እንኳ ያ ሌላ ልጅ ነው። “ማንን ትመስል ነበር?” በሏት። እኛንም “ስንት ልጅ አላችሁ?” ስትሉን “ሁለት፤ አንዷ ቀድማናለች” ብለን ስንመልስ ወሬ አትቀይሩብን።

አዳራሹ በር ላይ አንድ ደብተር አስቀምጠናል። በሕፃንነት ያረፈ ልጅ ያላችሁ፣ ትናንትም ይሁን ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ ስሙን ጻፉልን። ስም ሳይወጣለት ያረፈ ከሆነ “የእገሊት ልጅ” ብላችሁ ጻፉ። በሚመጣው ዓመት በዚሁ ቀን ሁሉም በቅዳሴ ከልጃችን ጋር እንዲታሰቡ አባ ፈቅደውልናል። አሁን ምሳ ቀርቧል፤ ማዕዱን አባ ይባርኩልን። እግዚአብሔር ይስጥልን።