ሐዋሳና ሐይቋ፣ ጅማና አዌቱ

አሰላሙ አለይኩም። አካም ጅርቱ። እናቶች፣ አባቶች፣ የሰፈሬ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ሐዋሳ እንዳወራላችሁ ነው የጠራችሁኝ። አራት ዓመት ተምሬባታለሁ፣ ሁለት ዓመት ሠርቼባታለሁ። እስከ ዛሬ ሰው ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ሐይቁ ነው። እኔም ከእሱ ልጀምር።

ሐይቁ ትልቅ አይደለም። 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዋና ዋናዎቹ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታም ከ20 ሜትር ብዙ አይበልጥም። አንድ ነገር ግን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ። ይህ ሐይቅ መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ይገባበታል፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ከየተራራው ጎርፍ ይወርድበታል፣ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን አንድም የለም። ያም ሆኖ ውሃው ጨው አይደለም፣ ዓሣ ሞልቶበታል።

ዓሣውን ማየት የፈለገ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ አሞራ ገደል ይሂድ። ማታ የተጣለው መረብ ይሰበሰባል፣ ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ይጠጋሉ። አብዛኛው ቆሮሶ ነው፣ አምባዛም አለ። ወጣቶቹ ቢላዋቸውን ይዘው ይቀመጡና እያወሩ፣ እየሳቁ፣ እጃቸውን እንኳ ሳያዩ ቆዳውን ገፈው ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያሉ። አባ ኮዳዎቹ ቁመታቸው ሕፃን ልጅ ያክላል፣ አጠገባችሁ ቆመው የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ። ከዛፉ ላይ ጉሬዛ ያያችኋል። ትኩስ የዓሣ ሾርባ በሎሚና በቃሪያ ይቀርብላችኋል። እኔ የተማሪ ኪሴ ባዶ በሆነ ቀን እንኳ ያቺን ሾርባ አጥቼ አላውቅም፤ የምትሸጠው እናት "ነገ ታመጣለህ" ትለኝ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ፣ ዛሬም አልረሳኋትም።

ከተማዋ ልጅ ናት። የኛ ሂርማታ፣ የዛሬዋ ጅማ፣ የአባ ጅፋር ነጋዴዎች ከየአገሩ የሚገናኙባት ገበያ በነበረችበት ዘመን የዛሬዋ ሐዋሳ ገና አልነበረችም። በከተማነት የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ በንጉሡ ዘመን ነው። ስሟ በሲዳምኛ ሰፊ ውሃ ማለት እንደሆነ የአገሬው ሰው ይነግራችኋል። መሬቷ ሜዳ ስለሆነ መንገዶቿ ቀጥ ያሉና ሰፊ ናቸው። በታቦር ተራራ በኩል ብትመጡም፣ ከገብርኤል አደባባይ ብትነሱም፣ ዞሮ ዞሮ እግራችሁ ውሃው ዳር ያደርሳችኋል። እኔ ሐዋሳን የወደድኩት በዚህ ነው። ከተማዋ ፊቷን ወደ ውሃው አዙራለች። ማታ ፍቅር ሐይቅ ላይ የሚንሸራሸረው ሰው ብዛት! ሽማግሌ አለ፣ ጥንዶች አሉ፣ ከሥራ የወጣች የፋብሪካ ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ቆሎ እየቆረጠመች ትሄዳለች። ለዚህ ማንም አይከፍልም።

በዓላቸውም እዚያው ነው። የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ ሲደርስ አያንቶ የሚባሉት ሽማግሌዎች ከዋክብትን አይተው ቀኑን ይናገራሉ፣ ሕዝቡ ሐይቁ አጠገብ ባለው ጉዱማሌ ይሰበሰባል፣ በየቤቱ ከእንሰት የሚሠራው ቡርሳሜ ሻፌታ በሚባለው የሸክላ ዕቃ ይቀርባል። ዩኔስኮ በዓሉን በ2008 ዓ.ም. በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ኅዳር 10 ቀን 2012 ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፣ በዚያው ዓመት ሲዳማ ክልል ሆነ። ሐዋሳም ዋና ከተማው ናት።

የኢንዱስትሪ ፓርኩን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ሐምሌ 2008 ላይ ተመረቀ፣ ብዙ ሺህ ወጣቶች፣ በተለይ ሴቶች፣ ከየገጠሩ መጥተው ገቡበት። የቤት ኪራይ ጨመረ፣ ባጃጁም በዛ። በ2014 አሜሪካ አጎዋን፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ወደ ገበያዋ የመላክ ዕድልን፣ ስትነሳን ትልቁ ገዢ ኩባንያ ጥሎ ወጣ። ያን ሰሞን የብዙ ልጆች ፊት ተጨንቆ አይቻለሁ። እኛም ጅማ ላይ ፓርክ ስላለን ይህን ማወቁ አይከፋም። ከሐዋሳው ፓርክ አንድ ነገር ግን ከልቤ አደንቃለሁ። ያገለገለው ውሃ ተጣርቶ እዚያው ተመልሶ እንዲሠራበት ነው የታሰበው፣ ወደ ሐይቁ እንዳይለቀቅ ማለት ነው። ለምን መሰላችሁ?

ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ይኸውላችሁ። መውጫ የሌለው ሐይቅ ውስጥ የገባ ነገር እዚያው ይቀራል። ፌስታሉም፣ ሃይላንዱም፣ ከማሳ የታጠበው ማዳበሪያም፣ አፈሩም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበት ጨለለቃ የሚባል ቦታ አለ። ከ50 ዓመት በፊት እሱ ራሱ ሐይቅ ነበር። ከላይ ያለው ደን ተመነጠረ፣ ተራራው ታረሰ፣ አፈሩ በጎርፍ ወረደ፣ ሐይቁ በደለል ተሞላ። ዛሬ ረግረግ ነው፣ ከብት ይግጥበታል። ይሁን እንጂ ያ ረግረግ ዛሬም ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ ሣሩና ደንገሉ የሚመጣውን አፈር ይይዛል፣ ውሃውን ያጠራል። እሱም ከጠፋ ሐይቁን ምንም አይከልለውም። ለሐዋሳ ሰው ጨለለቃ እንዲህ ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። ይህን ለመናገር ነው ጥሪያችሁን እሺ ያልኩት።

"እኛ ሐይቅ የለንም" እንላለን። ከፍታችን ከሐዋሳ ብዙም አይርቅም፣ አየራችንም ይቀራረባል፣ ዝናቡንማ እኛ እንበልጣለን። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብልናል፣ ሐዋሳ 1,000 አካባቢ ነው። ውሃ አላነሰንም። አዌቱ መሃል ከተማችንን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። እኛ ግን ለብዙ ዓመት ጀርባችንን ሰጠነው። ሱቁም ቤቱም ፊቱን ወደ መንገድ፣ ጓሮውን ወደ ወንዙ አደረገ። ጓሮ ደግሞ የሚጣል ነገር ሁሉ የሚጣልበት ነው። እኔም ልጅ ሆኜ ቆሻሻ አውጣ ስባል ወደ አዌቱ ነበር የምሮጠው፣ የሰፈራችን ልጅ ሁሉ እንደዚያው። አሁን የወንዙ ዳር ሲሠራ፣ ሰው ማታ ማታ ወጥቶ ሲቀመጥበት ሳይ ደስታዬ ወሰን የለውም። ፊታችንን አዞርን ማለት ነው።

ግን ዳሩን ማሳመር ብቻውን አይበቃም። አዌቱ ከከተማ ወጥቶ የት ይሄዳል? ቦዬ ረግረግ ይገባል። ጉማሬ ለማየት በልጅነታችን የምንሄድበት ቦዬ ማለቴ ነው። ቦዬ የኛ ጨለለቃ ነው። ከተማው የለቀቀውን ሁሉ እሱ ተቀብሎ ያጣራል። እኛ ደግሞ ከአንዱ ጎን እናርሰዋለን፣ ከሌላው ጎን ጭቃውን ለሸክላና ለጡብ እንቆፍረዋለን፣ ባሕር ዛፍ እንተክልበታለን። ኑሮ ነው፣ በማንም አልፈርድም። እዚያ የሚቆፍሩ ወንድሞቻችን ሌላ እንጀራ እስኪያገኙ ድረስ ተው ማለት ብቻ ዋጋ የለውም፣ አብረን መላ መፈለግ አለብን።

ከቦዬ ያለፈው ውሃ ወደ ግልገል ጊቤ ይገባል፣ መብራት የሚሰጠን ግድብ ሐይቅ ውስጥ ይደርሳል። ከዚያ ኦሞ። ከጅማ በጭዳ፣ በሶዶ አድርጋችሁ ሐዋሳ ስትሄዱ ኦሞን በድልድይ ትሻገራላችሁ። በመጀመሪያ ዓመቴ ስሻገረው ወንዙን ዝም ብዬ አይቼ አለፍኩ። ኋላ ነው የገባኝ፣ ከስሬ ይሄድ የነበረው ውሃ ውስጥ የሰፈሬ ውሃ አለበት። ኦሞ የሚያበቃው ቱርካና ሐይቅ ነው። ቱርካናም እንደ ሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም። አዌቱ ውስጥ የጣልነው ሃይላንድ መንገድ ላይ ካልተያዘ የሚያርፈው እዚያ ነው፣ ከዚያ ወዲያ የሚሄድበት የለም። ስለዚህ ሐይቅ አለን። ሩቅ ስለሆነ አናየውም እንጂ።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ከአዌቱ ድልድይ ተነስተን ወንዙን እየተከተልን በእግራችን ቦዬ ድረስ እንወርዳለን። ጓንትና ማዳበሪያ ጆንያ እኔ አመጣለሁ። ቦት ጫማ ያለው ቦቱን ያድርግ፣ መሬቱ ረግረግ ነው። እናቶች ቡና ይዘን እንመጣለን ብላችኋል፣ እዚያው ደርሰን እንጠጣለን። ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ።