ስልኩን ከትራስ ሥር አውጡት
(ባሕር ዳር ውስጥ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ። ፈተና ደርሶባችሁ እያለ ላይብረሪውን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ስልካችሁን ዝጉ አልልም። ብልስ ማን ይሰማኛል?

ማታውን ታውቁታላችሁ። የዶርሙ መብራት ጠፍቷል። ብርድ ልብሱ እስከ ጭንቅላት ተስቧል። ከሥሩ ግን ብርሃን ይታያል፤ አውራ ጣት ስክሪኑን ወደ ላይ ይገፋል። አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል። ጎኑ የተኛው ደግሞ የሌሊት ጥቅል ገዝቷል። ርካሽ ነዋ! ሳይነጋ ዳታውን መጨረስ አለበት። ጥቅሉ የረከሰው እኮ በዚያ ሰዓት ሰው ስለሚተኛ ነው።

ብዙ ጊዜ እንቅልፍ የማጣታችን ጥፋት ሁሉ በስክሪኑ ብርሃን ይላከካል። እውነት አለው። ዓይናችን ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን የሚቀሰቅሳቸው ልዩ ሴሎች አሉ። ለአንጎል «ገና አልመሸም» ይሉታል። በዚህ ምክንያት መምሸቱን ለሰውነት የሚያሳውቀው ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 12 ሰዎችን ከመኝታ በፊት ለ4 ሰዓት ያህል አስነበበ፤ አንዴ በታብሌት፣ አንዴ በወረቀት መጽሐፍ። በታብሌቱ ሲያነቡ ሜላቶኒናቸው ከአንድ ሰዓት በላይ ዘገየ። እንቅልፍ ለመተኛት የፈጀባቸው ተጨማሪ ጊዜ ግን 10 ደቂቃ ገደማ ነው።

10 ደቂቃ! እናንተ ታዲያ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት የምታመሹት በምንድን ነው? ስለዚህ ሰማያዊውን ብርሃን ለመቀነስ ስክሪኑን ቢጫ አድርጋችሁ «ተገላገልኩ» አትበሉ። ቢጫም ቢሆን ቲክቶክ ቲክቶክ ነው። መጽሐፍ ምዕራፍ አለው፤ ይሄ ማለቂያ የለውም። ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ የሚነበበውን አስቡት። የሚያናድድ ኮመንት፣ ከአገር ቤት የመጣ ክፉ ወሬ። ልብ ይመታል፣ በዚያ ሰዓት የምታደርጉት ነገር ግን የለም። አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል። 8 ሰዓት ላይ ስልኩን አስቀምጦ ጠዋት 1 ሰዓት የሚነሳ ሰው ቢበዛ 5 ሰዓት ተኝቷል።

ጠዋትስ? ከነቃን በኋላ ባሉት ከ30 እስከ 45 ደቂቃዎች ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን በራሱ ጊዜ ከፍ ይላል። ሰውነት ለቀኑ እየተሰናዳ ነው። እኛ ግን ከአልጋ ሳንወርድ የቴሌግራም ግሩፑን ሁሉ ጭንቀት እንደርብበታለን። ለእኔ ከማታው ይልቅ ይሄኛው ያሳዝነኛል፤ ቀኑ ገና ምንም አልበደለንማ።

የባሕር ዳር ልጅ ደግሞ ሰበብ የለውም። እዚህ ፀሐይ ክረምት ከበጋ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ትወጣለች። የጠዋት ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላል፤ ማታም እንቅልፍ በጊዜው እንዲመጣ ያግዛል። ቢደምንም እንኳ የውጭው ብርሃን ከዶርም አምፖል በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጊዜ ያለው ወደ ጣና ዳር ወረድ ይበል፤ የደንገል ታንኳዎቹን እያየ ትንሽ ይራመድ። ጊዜ የሌለው እስከ ቁርስ ቤት በእግሩ ይሂድ። ስልኩ ኪስ ውስጥ ይቆይ።

«አላርሜ እኮ ስልኬ ነው» ትሉኛላችሁ። ይሁን፤ በሩ አጠገብ ካለው ሶኬት ላይ ሰኩት። ሲጮህ ተነስቶ መሄድ ግድ ይሆናል። የዶርም ጓደኞቻችሁ ይቆጣሉ፣ ግን እነሱም ይነሳሉ።

ቤተሰቦቻችሁ ራቅ ያለ ወረዳ ያሉ «ሌሊት ቢደወልልኝስ?» ትሉ ይሆናል። ስጋታችሁ ይገባኛል፤ እኔም ስልክ የምጠብቅበት ሌሊት አለኝ። ስልካችሁ ላይ ከመረጣችኋቸው ሰዎች በቀር የሌላውን ሁሉ ድምፅ የሚያጠፋ ማስተካከያ አለ። እናትና አባታችሁን፣ እህት ወንድሞቻችሁን አስገቡበት። እነሱ ሲደውሉ ይጮሃል፤ ሌላው እስኪነጋ ይቆያል። ማስተካከሉ ያስቸገረው ሲወጣ በሩ ላይ ያገኘኛል፤ አብረን እንሞክረዋለን።