ለጓሯችሁ አዲስ አትክልት ስትመርጡ ከድስታችሁ ጀምሩ

[ምስል፦ ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ያለ የጓሮ መደብ። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ድንች፣ ጥግ ላይ ጌሾ።]

ሰላም ወገኖቼ፣ እንደምን ናችሁ? የወሎ ጓሮ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ጎመን አለ፣ ቆስጣ አለ፣ ድንች አለ፣ አጥሩን ተከትሎ ዱባ ይሳባል። አሁን ግን ብዙዎቻችሁ ከእነዚህ ጎን ብሮኮሊ፣ ዙኩኒ ወይም ደበርጃን መሞከር ትፈልጋላችሁ። እኔም በጣም የምደግፈው ነገር ነው።

አንድ ነገር ብቻ አደራ እላለሁ። ዘር ከመግዛታችሁ በፊት ስለ ድስታችሁ አስቡ። አትክልቱ የትኛው ወጥ ውስጥ እንደሚገባ ካላወቃችሁ፣ አምሮበት ያድግና ሳይበላ እዚያው መደቡ ላይ ያረጃል።

ለአዲስ ነገር ደግሞ አዲስ አይደለንም። የበርበሬም የድንችም መነሻ የአሜሪካ አህጉር ነው። ድንች ወደ አገራችን የገባው በ1858 እ.ኤ.አ. ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እጅ እንደሆነ ይነገራል። ዛሬ ያለ በርበሬ ወጥ፣ ያለ ድንች የደጋ ጓሮ ማን ያስባል?

[ምስል፦ ቀይ ስር ከነቅጠሉ ሲነቀል።]

የመጀመሪያውን ሙከራ ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ መጀመር ትችላላችሁ። ቀይ ስር ስትነቅሉ ቅጠሉን ምን ታደርጉታላችሁ? ብዙ ቤት ለከብት ይሰጣል ወይም ይጣላል። ቀይ ስርና ቆስጣ ግን አንድ ዝርያ ናቸው። አንዱ ለሥሩ፣ ሌላው ለቅጠሉ ተመርጦ ነው የተለያዩት። ስለዚህ ለጋውን የቀይ ስር ቅጠል ልክ እንደ ቆስጣ በሽንኩርትና በቃሪያ ሥሩት። የዱባ ለጋ ቅጠልም ይበላል። የስኳር ድንች ቅጠልም እንዲሁ።

እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። የድንች፣ የቲማቲምና የደበርጃን ቅጠል አይበላም፤ መርዛማ ነገር አለበት። የማታውቁትን ቅጠል "ጎመን ይመስላል" ብላችሁ ድስት ውስጥ አትጨምሩ።

[ምስል፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የሐረጎ መንገድ።]

ቀጥሎ የምታዩት ከፍታችሁን ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ግድም ናት። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ብላችኋል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይለያያል። ስለዚህ በዚያች አጭር መንገድ የ4 ዲግሪ ልዩነት አለ። ሰው ጋቢውን አውልቆ ይገላገላል፤ ተክል ግን አይችልም። ለደሴና ለኩታበር ብሮኮሊና አበባ ጎመን ይስማማሉ። ለባቲ፣ ለከሚሴና ለቆቦ ደበርጃንና ስኳር ድንች። ሐይቅ፣ ወልዲያና ኮምቦልቻ መካከል ላይ ስለሆኑ ሁለቱንም ወገን መሞከር ይችላሉ።

[ምስል፦ የብሮኮሊ ችግኝ፣ ቀጥሎ የደረሰ ራስ በቅርበት።]

ለደጋ ሰው መጀመሪያ የምመክረው ብሮኮሊን ነው። ምክንያቱም ጎመን ማብቀል የሚችል እጅ ብሮኮሊንም ያበቅላል። ዘመዳሞች ናቸው። የእኛ የአበሻ ጎመን ራሱ የጥቅል ጎመን ዘር ከሰናፍጭ ወገን ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ነው። ብሮኮሊ ደግሞ ከጥቅል ጎመን ጋር አንድ ዝርያ ነው።

ዘሩን መጀመሪያ በችግኝ መደብ ላይ ዝሩት። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ችግኙ ለዝውውር ይደርሳል። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ያለበት መደብ ላይ፣ በመካከላቸው ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ትታችሁ አዛውሩት። የክረምቱ ዶፍና በረዶ ለጋውን ችግኝ ስለሚጎዳው፣ ውኃ ካላችሁ መስከረም ላይ ማዛወር ጥሩ ነው። ራሱን የሚቋጥረው ቅዝቃዜው ሲመጣ ይሆናል። ቀላል ውርጭ ይችላል።

ትልቁ ጥያቄ መቼ ይቆረጥ የሚለው ነው። የምንበላው ያልፈነዳ እምቡጥ ነው። እምቡጦቹ ጥቅጥቅ ብለው አረንጓዴ ሳሉ ቁረጡት። "ትንሽ ይጨምር" ብላችሁ ከቆያችሁ ቢጫ አበባ ያወጣል፣ ጣዕሙም ይሄዳል። ከቆረጣችሁ በኋላ ግን ግንዱን አትንቀሉት! ከጎንና ከጎኑ ትናንሽ ራሶች ያወጣል። ቅጠሉም እንደ ጎመን ይሠራል። ወፍራሙን ግንድ ልጡትና ውስጡን ከትፋችሁ ጨምሩት። በእውነቱ ይኼ ሁሉ ምግብ እያለ አናቱን ብቻ መብላት ያሳዝናል።

ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ከመጣበት በቀጭን የሳሙና ውኃ የቅጠሉን ጀርባ ጭምር እጠቡት። ጎመን በተነሳበት መደብ ላይም ወዲያው አትትከሉት፤ ተባዩም በሽታውም አንድ ነው።

ድስቱ ጋ ስንመጣ፣ የካሮትና የድንች አልጫ ሊወጣ 5 ደቂቃ ሲቀረው ጨምሩት። ብዙ ከበሰለ ይፈርሳል፣ ሽታውም ይከብዳል። ልጆች ብሮኮሊ የሚጠሉት አብዛኛውን ጊዜ ከልክ በላይ ተቀቅሎ ሲቀርብላቸው ነው።

[ምስል፦ የዙኩኒ አበባ፤ ከሥሩ ትንሽ ፍሬ ያላትና የሌላት ጎን ለጎን።]

ዙኩኒ የዱባ ዘመድ ነው። አንድ ሁለት እግር ለአንድ ቤት ይበቃል። መጀመሪያ የሚመጡት አበቦች ሳያፈሩ ሲረግፉ ብዙ ሰው ይደነግጣል። አብሽሩ! እነዚያ ወንዴዎቹ ናቸው። ሴቴዋ ከአበባዋ ሥር ትንሽ ፍሬ ይዛ ትመጣለች። ንብ ከሌለ የወንዴውን ዱቄት በእጃችሁ ማስነካት ትችላላችሁ። ፍሬው ስንዝር ሳያልፍ ልቀሙት። ለረመዳን ሾርባም ለጾም አልጫም ይሆናል፤ ውኃ ስላለው ወጡ ላይ ውኃ አታብዙ። ውርጭ ግን በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። ደጋ ያላችሁ በበልግ ሞክሩት።

ደበርጃን ሙቀት ይወዳል። ቲማቲም፣ ድንችና ቃሪያ ከተነሱበት መደብ አርቁት፤ ቤተሰብ ናቸው። ከሰል ላይ ጠብሳችሁ፣ ልጣጩን አንስታችሁ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በሎሚና በቃሪያ ፍጩት። በትኩስ ዳቦ ግሩም ነው።

[ምስል፦ ለሁለት የተከፈለ ብርቱካናማ ስኳር ድንች።]

ትንሽ ልጅ ላለው ቤት ግን ከሁሉም የማስቀድመው ውስጡ ብርቱካናማ የሆነውን ስኳር ድንች ነው። ቀለሙን የሰጠው ቤታ ካሮቲን ሰውነታችን ውስጥ ቫይታሚን ኤ ይሆናል፤ ይኼ ለዓይንና በሽታን ለመከላከል ያስፈልጋል። በ2016 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት ካገኙት አራት ሳይንቲስቶች ሦስቱ የተሸለሙት በዚሁ ስኳር ድንች ሥራቸው ነው። ስታቀርቡት ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ይኑረው፤ ቫይታሚኑ ያለ ቅባት በደንብ አይወሰድም።

የሚተከለው በሐረጉ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁረጡ፣ ሁለት ሦስተኛውን ትልም ላይ ቅበሩት። ከ3 እስከ 5 ወር ይደርሳል።

በአንድ ወቅት አንድ አዲስ አትክልት ብቻ ጨምሩ። ያኔ ምን እንደተስማማው፣ ምን እንደጎዳው ትለያላችሁ። ፓኬቱ ላይ "ዲቃላ" ወይም "ኤፍ 1" የሚል ካለ ከፍሬው ዘር አታስቀሩ፤ የሚበቅለው እንደ እናቱ አይሆንም። የስኳር ድንች ሐረግ ግን ከጤነኛ ተክል እየቆረጣችሁ ለጎረቤት ስጡ፤ እንደ እናቱ ሆኖ ይበቅላል።