ሁለተኛው ቨርስ የት ገባ?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለዚህ እስካሁን ጮክ ብዬ ያልተናገርኩትን አንድ አመሌን ላውራችሁ። አዲስ የራፕ ሥራ ሲላክልኝ ከመጀመሪያው አልጀምርም። ኢንትሮውን አልፋለሁ፣ የመጀመሪያውን ቨርስ፣ ማለትም የመጀመሪያውን የግጥም ክፍል፣ አልፋለሁ፣ በየመሃሉ የሚደገመውን ኮረሱንም አልፋለሁ። ቀጥታ ሁለተኛው ቨርስ ላይ ነው የምወርደው። እዚያ የሰማሁት ካልያዘኝ አልመለስም። ከያዘኝ ግን እንደገና ከሥሩ አስጀምሬ እሰማዋለሁ፣ ታክሲ ውስጥም፣ እቃ እያጠብኩም።

ጭካኔ ይመስላል፣ አይደል? የመጀመሪያውን ቨርስ ግን ማንም ይጽፈዋል። እዚያ ላይ ራፐሩ ራሱን ነው የሚያስተዋውቀው፤ ማን እንደሆነ፣ ሰፈሩ የት እንደሆነ፣ የቀኑበት ሰዎች እንዴት እንዳፈሩ፣ ጨላው እንዴት እየመጣ እንደሆነ። ፉከራ ነው። ፉከራ ደግሞ እኛ አገር እጥረት ኖሮበት አያውቅም። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ግን ስሙን ነግሮኛል፣ ሰፈሩን ነግሮኛል፣ ፎክሯል። እሺ፣ ከዚያስ? የሚለው ነገር ያለውና የሌለው የሚለየው እዚያ ጋ ነው።

እና ሰሞኑን የምለው ነገር ያለኝ ለዚህ ነው፤ የምወርድበት ቦታ እየጠፋብኝ ነው። ዘፈኑን እከፍታለሁ፣ ወደፊት እገፋለሁ፣ አልቋል። አንድ ቨርስ፣ ኮረስ፣ ኮረስ፣ ቻው። ወይም ሁለተኛው ቨርስ አለ ይባላል እንጂ አራት መስመር ነው፣ ያውም ሁለቱ ከመጀመሪያው የተደገሙ።

ልጆቹ ሰነፎች ናቸው ብሎ መደምደም ይቀላል። እኔ ግን ብዙዎቹን አውቃቸዋለሁ፣ ሰነፎች አይደሉም። ቀን ሥራ ውለው ማታ የሚቀርጹ፣ መብራት ሲጠፋ ስልካቸው ላይ የሚጽፉ ናቸው። ነገሩ ከቢቱ፣ ራፐሩ ቃሉን ከሚያወርድበት ሙዚቃ፣ ይጀምራል።

ከጀርባው አሳታሚም ፕሮዲዩሰርም የሌለው ልጅ ቢት የሚያገኘው ዩቲዩብ ላይ ነው። የሚወደውን ራፐር ስም ይጽፋል፣ ከኋላው «ታይፕ ቢት»፣ በእሱ ስልት የተሠራ ቢት ማለት ነው፣ ይጨምራል፣ መዓት ይመጣለታል። ነፃ የሚባሉት ላይ የሠሪው ማኅተም፣ ያ በየመሃሉ የሚገባው ድምፅ፣ አለባቸው። ያን ለማስወጣት ፈቃዱን መግዛት ነው፣ ሃያ ዶላር፣ ሠላሳ ዶላር። በብር አይከፈልም። ሐምሌ 2016 የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ሲባል ደግሞ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ያው ሠላሳ ዶላር፣ ያው ቢት፣ ለእኛ ልጅ ግን ሌላ ዋጋ። ከዚያ ስፖቲፋይና አፕል ሙዚቃ ላይ ለመጫን ዘፈን ወደዚያ ለሚያደርሰው ለዲስትሮኪድ ወይም ለመሰሎቹ መክፈል አለ፣ እሱም በዶላር ካርድ። ስለዚህ ቨርጂኒያ ወይም ዱባይ ወዳለች የአክስት ልጅ ይደወላል። እኔ ኢንዲፔንደንት ነኝ የሚል ራፐር ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «የአክስትህ ልጅ የት ነው ያለችው?» ብዬ ነው።

ዘመድ የሌለው ነፃውን ቢት እንዳለ ይጠቀማል። ይጭናል። በማግስቱ የቅጂ መብት ማሳሰቢያ ይመጣበታል፤ ቢቱን የሠራው ሰው አስመዝግቦታል፣ ወይም ያው ቢት ላይ ብራዚል ያለ አንድ ልጅ ቀድሞት ራፕ አድርጎበታል።

አሁን ይሄ ከሁለተኛው ቨርስ ጋር ምን አገናኘው? ያ ልጅ እጁ ላይ ያለው አንድ ኤምፒ3 ብቻ ነው። ከበሮው ለብቻ፣ ቤዙ ለብቻ ሆኖ አልመጣለትም። «እዚህ ጋ ከበሮውን አጥፋልኝ፣ ባዶውን ላውራ» ማለት አይችልም። «እዚህ ጋ ስምንት ባር ጨምርልኝ፣ ሐሳቤ አላለቀም» ማለትም አይችልም፤ ባር ማለት አንድ የራፕ መስመር ነው በሉት። ቢቱ ሁለት ደቂቃ ከሆነ ሐሳቡም ሁለት ደቂቃ ነው። የማያውቀው ሰው፣ የማያውቀው ከተማ ውስጥ ቁጭ ብሎ የንግግሩን ልክ ቆርጦለታል።

በዚህ ጉዳይ ራፐሩን ቴዲ ዮን ሳላነሳ አላልፍም። «ጉራጌቶን» የተባለው ዘፈኑ ሲወጣ ብዙ ሰው እንደ ቀልድ ነበር ያየው። እኔ ግን ትልቁ ቁም ነገር እዚያ ውስጥ ነበር እላለሁ፤ ራፕ ሠርግ ቤት ገባ። እናቶች ጨፈሩበት። ምቱ የእኛው ስለነበር ማንም «ይሄ የማን አገር ዘፈን ነው?» አላለም። ከዚያ በኋላ ራፐሩ ልጅ ሚካኤል አልበም ይዞ መጣ፣ ካስማሰ ደግሞ «ማለዳ»ን። የካስማሰን ሥራ የምወደው ከላይ እስከታች አንድ ላይ እንዲሰማ ተደርጎ መሠራቱን ነው፤ አንዱን ዘፈን ነጥላችሁ ብታወጡት የሚጎድለው ነገር አለ።

ስለ ምት ካነሳሁ አይቀር፣ ሁልጊዜ የሚያብሰለስለኝ ነገር አለ። ትራፕ የሚባለው ከአትላንታ የመጣ የራፕ ዓይነት ራፐሮችን ያስለመዳቸው አደራደር፣ አንዱን ምት ሦስት ቦታ ከፍሎ ቃላቱን ሦስት ሦስት ማውረድ፣ ከእኛ የእስክስታ ምት ከቺክቺካ ጋር የሥጋ ዝምድና አለው። እስክስታ የሚወርድ ትከሻ ያንን ሦስት ሳይማር ያውቀዋል። እኛ ግን ቺክቺካውን ትተን ሦስቱን ከአትላንታ ዞረን አመጣነው። የውጭዎቹ ራፐር ናስና ሬጌ ዘፋኙ ዴሚያን ማርሊ ግን እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ላይ ባወጡት አልበም የመክፈቻውን ዘፈን የሠሩት በሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ ነው። ልጆቹን አልወቅስም፣ የሙላቱን ዘፈን ቆርጦ ለመጠቀም ፈቃድ የሚጠይቁበትን በር ማን አሳያቸው? አዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብትን ይጠብቃል፤ ጥሩ ነው። ሀያ ዓመት ያልሞላው ልጅ በሕጋዊ መንገድ ልጠቀም ሲል ግን ማንን ያናግር?

ወደ ግጥሙ ልምጣ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ።

አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ለራፐር ይሄ ስጦታም ወጥመድም ነው። መጣሁ፣ ወጣሁ፣ ጠጣሁ፣ አጣሁ። በቃ፣ ቤት መታ። ሳታስቡት አሥራ ስድስት ባር ይሞላል። የመጀመሪያው ቨርስ ላይ ጆሮ ይሸወዳል፣ አዲስ ስለሆነ። ሁለተኛው ላይ ግን ልጁ ያንኑ ሲደግም ጆሮ ነቄ ይላል። ጎበዞቹ ምን ያደርጋሉ? ግሡን ከመጨረሻ ያነሡታል። ወይ መስመሩን በስም ይዘጋሉ፣ ወይ ቤቱን መስመሩ መሃል ላይ ይመቱና መጨረሻውን ክፍት ይተዉታል፣ እናንተ ስትጠብቁ እሱ ቀጣዩ መስመር ላይ ደርሷል። ይሄ ሥራ ይጠይቃል። አንድ ማታ ተጽፎ ጠዋት የሚቀረጽ አይደለም።

ቆጠራም አለ። የድሮ ገጣሚዎች ቀለም ይቆጥሩ ነበር፤ ሰንጎ መገን አምስት አምስት፣ የወል ቤት ስድስት ስድስት፣ ቡሄ በሉ አራት አራት። ቡሄ በሉን ባለ አራት ምት ቢት ላይ አስቀምጡትና ስሙት፣ ለእሱ የተሠራ ነው የሚመስለው። በቡሄ ሰሞን የሚዞሩት ልጆች አውጪው ሲያወጣ፣ ሌሎቹ በዱላ መሬት እየመቱ ሲቀበሉት፣ አውጪው ደግሞ የቤቱን ባለቤት አይቶ እዚያው ሲፈጥርለት፣ ፍሪስታይል ይሄው ነው። ሙልሙል እስኪወጣ ድረስም አያቆሙም።

አዝማሪውስ? አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ከሆነ ታውቃላችሁ። «ተቀበል» ይለዋል አንዱ፣ ግጥሙን ይወረውርለታል፣ አዝማሪው እሱኑ በማሲንቆ ይመልሳል፣ ከዚያ የራሱን ይጨምርበታል። ሰውየው በመጀመሪያው ግጥም ይስቃል። ገንዘብ የሚያወጣው ግን ቀጥሎ በሚመጣው ነው። የካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች ማታ ማታ የሚያኖሩት ይሄ ነበር። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ለልማት ስትፈርስ ታዋቂው አዝማሪ ቤት ፈንዲቃም ከኖረበት ተነሣ። እኔ የምቆጨው ለቤቱ ብቻ አይደለም። አንድ ወጣት ራፐር ማታ ገብቶ፣ ፊት ለፊቱ ያለ ሰው ሲሰለች የሚያይበት ቦታ ነው የጠፋው። ስልክ ላይ ሰው ሲሰለች አይታይም፣ ዝም ብሎ ወደ ሌላው ያልፋል።

አንድ ትንሽ ነገር ለሚክስ ሠሪዎች፣ ድምፁንና ቢቱን ለምትቀላቅሉት። እባካችሁ ድምፁን አትቅበሩት። አማርኛ ውስጥ መጥበቅና መላላት ትርጉም ይለውጣል። ራፐሩ በቅኔ ያስቀመጠው ቃል ድምፅ በሚቀይረው ኦቶቲዩንና በማስተጋቢያው በሪቨርብ ሲዋጥ ሰሙም ወርቁም አብሮ ይሄዳል። ሃይሃቱ፣ ያ ትስ ትስ የሚለው የከበሮ ጸናጽል፣ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል፣ እግዜር ይስጠው።

እሺ፣ አሁን ስለ አንድ አዲስ ሥራ። ስሙን ሆን ብዬ አልጠራም፤ ስም ስጠራ ወሬው በሙሉ ስለ ሰውየው ይሆናል፣ ዘፈኑን የሚሰማው የለም። የሳሪስ ልጅ ነው። ሲንግል ነው ያወጣው። እንደ አመሌ ሁለተኛው ላይ ወረድኩ። የታክሲ ረዳት ሆኖ ይጀምራል። ቀልድ መስሎኝ ነበር። አይደለም፣ ከሳሪስ አቦ ተነሥቶ ወደ ስታዲየም እየሄደ ነው፣ ሰው ይጫናል፣ ሰው ይወርዳል፣ መልስ የሚጠይቅ አለ፣ ድፍን ሁለት መቶ ብር የሚያወጣ አለ፣ የሚሰድበው አለ። መስመሮቹ መሃል መሃል ላይ «ወራጅ አለ!» ይገባል፣ በተለያየ ሰው ድምፅ፣ እሱ ራሱ ድምፁን እየቀየረ። የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ የሚወርዱት ሰዎች የእሱ ሰዎች ናቸው። አንዱ አብሮት የተማረ፣ አንዷ የወደዳት፣ አንዱ ደግሞ ራፕ ያስተማረው ጀለሱ፣ ሄዷል፣ የት እንደሄደ አይልም። በመጨረሻ ታክሲው ባዶ ሆኖ እሱ አሁንም «ስታዲየም፣ ስታዲየም» እያለ ይጠራል።

ከዚያ ተመልሼ የመጀመሪያውን ቨርስ ሰማሁ። ሰዓት፣ መኪና፣ ቺክ፣ የሌለው መኪና። ሳቅሁ። ግን ይገርማችኋል፣ ሁለተኛውን ከሰማሁ በኋላ የመጀመሪያው አላስጠላኝም። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ በሐሳቡ የሚነዳው መኪና ነው የመሰለኝ።

ቲክቶክ ላይ የተሰራጨው ታዲያ የትኛው ነው? መኪናው ነዋ።

ደውዬ አናገርኩት። እንዲህ አልኩት፦ «ይሄን የረዳቱን ለምን አላስቀደምከውም? ለምን ክሊፕ አልሠራህለትም?» «ጋሼ» አለኝ። ጋሼ! ይሁን። «ጋሼ፣ ሰው ሁለተኛው ቨርስ ጋ አይደርስም። እኔ ላይቭ ገብቼ ጊፍት የሚላክልኝ በኮረሱ ነው። ባለሱቁም ማስታወቂያ ሥራልኝ የሚለኝ በኮረሱ ነው። የስቱዲዮውን የከፈልኩት በዚያ ነው።» «ታዲያ ሁለተኛውን ለምን ጻፍከው?» ስለው ትንሽ ዝም አለና «እሱን ለራሴ ነው» አለኝ።

ልከራከረው ፈልጌ ነበር፣ ግን በምን? ድሮ ካሴት ገዝቶ የሄደ ሰው ገንዘቡን አውጥቶበታልና ጎን ሀንም ጎን ለንም ይሰማ ነበር፣ ሙዚቃ ቤቱ ደግሞ ማን ለፋሲካ እንደሚወጣ፣ ማን እስከ እንቁጣጣሽ እንደሚጠብቅ ይወስን ነበር። ራፐር ያኔ ተራ አይደርሰውም፤ ቢደርሰው በሌላ ሰው ዘፈን መሃል ገብቶ ስምንት ባር ብሎ መውጣት ነው። ያ ዘመን ይመለስ የምል ሰው አይደለሁም። የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካና ጓደኞቹ በ2011 አውታር የተባለውን የሙዚቃ መተግበሪያ ሲከፍቱ የሞከሩት ሰው ከስልኩ ሒሳብ ላይ ለዘፈን እንዲከፍል ነበር። ኤልያስ በ2012 መስከረም ላይ አረፈ። ከዚያ ሌላው የሙዚቃ መተግበሪያ ሰዋስው መጣ። ሆኖም እኔ የማውቃቸው ራፐሮች አብዛኞቹ አሁንም ሥራቸውን ቴሌግራም ላይ በነፃ ነው የሚበትኑት፤ ሰው እንዲሰማቸው ስለሚፈልጉ።

ስለዚህ ለሳሪሱ ልጅ ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። የረዳቱን ቨርስ ለብቻው አውጣው፣ ያለ ኮረስ፣ ያለ ክሊፕ፣ ቢቱንም ተወው፣ የእውነት የታክሲ ድምፅ ቅረጽና እሱ ላይ በለው። «እብድ ነህ» አለኝ፣ ጋሼው ቀረ። ላስብበት ብሏል። ካወጣው እዚሁ አሰማችኋለሁ፣ ፈቃዱን አግኝቼ።

እናንተም ሥራ ያላችሁ ላኩልኝ፣ ቴሌግራም ላይ፣ ሙሉውን ፋይል። አሥራ አምስት ሰከንድ ቆርጣችሁ አትላኩልኝ፣ አልከፍተውም። በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛ የምትሠሩም ላኩ፣ ግጥሙን ጽፋችሁ አያይዙልኝ፣ የሚያነብልኝ ሰው አላጣም። ሁለተኛው ቨርስ ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደሚጀምርም ጻፉልኝ፣ ፍለጋ እንዳታደክሙኝ። ሳምንት ቢት ሠሪ ይዤ እመጣለሁ፣ ስለ ሃይሃቱ የምጠይቀው አለኝ። ቻው።