ሁለት ልብስ ሰፊ፣ ሁለት ዘርፍ፦ የድሬዳዋ ሰው በምን እንደሚሠራ እንዴት ይቆጠራል?

(ምስል፦ ቀፊራ ገበያ፤ በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ሁለት የስፌት መኪና)

እነዚህ ሁለት ልብስ ሰፊዎች አንድ በረንዳ ይጋራሉ፤ የመኪናቸው ዓይነትም አንድ ነው። አንዱ ጨርቅ ለክቶና ቆርጦ አዲስ ድሪያ ቀሚስ ይሰፋል። ሌላው ሰልባጅ ሱሪ ያሳጥራል፣ ዚፕ ይቀይራል። የሥራ ዘርፍ ሲቆጠር የመጀመሪያው ማኑፋክቸሪንግ ውስጥ ይገባል፣ ከፋብሪካ ሠራተኛ እኩል። ሁለተኛው ግን የሚመዘገበው ጥገና ተብሎ ከጫማ ሰፊና ከሰዓት ሠሪ ጋር ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሙያ የሚባለው ሰውየው በእጁ የሚሠራው ነው። ዘርፍ የሚባለው ደግሞ የሚሠራበት ቤት አምርቶ ወይም ሸጦ የሚያድርበት ነገር ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ሙያው ጥበቃ፣ ዘርፉ ሲሚንቶ ማምረት ነው። ያው ሰው፣ እዚያው በር ላይ፣ በጥበቃ ኤጀንሲ በኩል ከተቀጠረ ግን ዘርፉ የጥበቃ አገልግሎት ይሆናል። ደመወዙን ማን እንደሚከፍለው ሳይጠይቁ ምድቡን መጻፍ አይቻልም።

የተባበሩት መንግሥታት የዘርፍ ምደባ አራተኛ እትም ሥራን ሁሉ በ21 ዋና ክፍሎች ያስቀምጣል። ከሥር 88 ንዑስ ክፍሎች፣ ሲዘረዘሩም 419 መደቦች አሉ። ከዚህ በታች የምናነሣቸው ምድቦች ሁሉ በዚህ እትም መሠረት ናቸው።

(ምስል፦ ከዚራ፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ)

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እስከ ሐረር ተራራ መውጣቱ ከባድና ውድ ሆኖ ስለተገኘ በ1902 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከተራራው ግርጌ ቆመ፤ ጣቢያ ተሠራ፣ ጥገና ቤት ተከፈተ፣ ከተማ በቀለ። እዚህ ላይ የምደባው ግራ የሚያጋባ ነገር ይመጣል። የባቡር ድርጅቱ በራሱ ጥገና ቤት የቀጠረው ብየዳ ሠራተኛ ዘርፉ ትራንስፖርት ነው፣ ጥገና ቤቱ የሚያገለግለው የራሱን ድርጅት ስለሆነ። ለብቻው ቆሞ ለሌላ ሰው ፉርጎ የሚጠግን ቤት ቢኖር ማኑፋክቸሪንግ ይባል ነበር። ባጃጅ የሚጠግነው ጋራዥ ደግሞ ከሱቅ ነጋዴ ጋር ንግድ ውስጥ ነው፤ በዚህ እትም የተሽከርካሪ ጥገና ከተሽከርካሪ ሽያጭ አልተለየምና። ሾፌሩ ትራንስፖርት፣ መካኒኩ ንግድ! ባጃጅ በሞላባት ከተማ የንግዱ ቁጥር ሲያብጥ ሁሉም ባለሱቅ ነው ብላችሁ አትደምድሙ።

ወደ አሸዋው እንሂድ። ጎርፍ ካለፈ በኋላ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ የሚያወጣ ወጣት ዘርፉ ማዕድን ማውጣት ነው፣ ከወርቅ ቆፋሪ ጋር። አሸዋውን ገዝቶ ብሎኬት የሚመታው ማኑፋክቸሪንግ፣ በብሎኬቱ ግድግዳ የሚያቆመው ኮንስትራክሽን። አሸዋው የተጓዘው ግማሽ ቀን እንኳ አይሆንም።

(ምስል፦ የቡና መጋዘን፣ ሴቶች በወንፊት ሲለቅሙ)

አስቸጋሪው ቡና ነው። የሐረር ቡና ሳይታጠብ ከነገለባው ፀሐይ ላይ የሚደርቅ ነው። ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀው ቡና፣ መፈልፈያ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እርጥበቱ ይለካል፤ 11 ከመቶ አካባቢ ሲሆን ጥሩ ነው። ከ12 ከመቶ ካለፈ መጋዘን ውስጥ ይሻግታል፣ ከመጠን በላይ ከደረቀም መፈልፈያው ፍሬውን ይሰባብረዋል። ከፍልፈላ በኋላ ድንጋይና አቧራ ይለያል፣ በወንፊት መጠኑ ይመደባል፣ ቀላሉ ከከባዱ ይለያል። ማሽን የሳተውን ጥቁር፣ የተቦረቦረና የተሰበረ ፍሬ የሚያወጡት ለቃሚዎቹ ናቸው። ወደ ውጭ የሚላከው በ60 ኪሎ ጆንያ ነው።

የለቃሚዋ ዘርፍ ታዲያ ምንድን ነው? መጋዘኑ የሌሎችን ቡና በክፍያ የሚያበጥርና የሚለይ ብቻ ከሆነ የድኅረ ምርት አገልግሎት ነው፣ ማለትም ግብርና። ከተማ መሃል ተቀምጣ! ባለቤቱ ቡና ገዝቶ የሚልክ ላኪ ከሆነ ጅምላ ንግድ ነው። መቁላትና መፍጨት ዋና ሥራው ከሆነ ማኑፋክቸሪንግ። የሴትዮዋ ወንፊት አልተቀየረም። ስለዚህ «ቡና ለቀማ ነው የምሠራው፣ ልጄ» ሲሉ መረጃ ሰብሳቢው «ቡናው የማን ነው፣ እናቴ? ባለቤቱስ ምን ያደርግበታል?» ብሎ መቀጠል አለበት። «ቡና ለቀማ» ብሎ ጽፎ የሄደ እንደሆነ፣ ቢሮ ያለው መዳቢ የሚይዘው ጠፍቶበት በግምት ይሞላዋል።

ጫት ይቀላል። አርሶ አደሩ ግብርና፣ ወደ ጅቡቲ የሚያደርሰው ባለመኪና ትራንስፖርት፣ በችርቻሮ የምትሸጠው ንግድ። ነጋዴው የቀጠረው ጠቅላዩም ንግድ ነው።

መጠይቅ ላይ ከሚጻፉት ዋጋ ቢሶቹ «የግል ሥራ»፣ «የቀን ሥራ» እና «ፋብሪካ» ናቸው። የቀን ሥራ ግንባታ ላይ ነው ወይስ ሲሚንቶ መጫን? ፋብሪካውስ ምን ያመርታል? ጥሩ መልስ ሁለት ነገር ይይዛል፦ የሚመረተውን ወይም የሚሸጠውን ዕቃ፣ እና ዕቃው ምን እንደሚደረግ። «ዱቄት» አይበቃም፤ «የሰው እህል በክፍያ የሚፈጭ ወፍጮ ቤት» ይበቃል። ምድቡ ማኑፋክቸሪንግ ነው። ነጻ የንግድ ቀጠናው ውስጥ ወይም ደረቅ ወደቡ ግቢ ውስጥ እሠራለሁ ማለትም አድራሻ እንጂ ዘርፍ አይደለም።

ሌላው ስሕተት የማንነት መልስ ነው። «የኮተኒ (የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው) ሰው ነኝ»፣ «የምድር ባቡር ነኝ» የሚሉ ጡረተኞች አሉ፣ ድሬ ውስጥ ይህ እንደ ስም ነው። በአክብሮት ሰምቶ ያለፉትን 7 ቀናት መጠየቅ ነው። በዓለም አቀፉ መስፈርት በእነዚያ ቀናት ለክፍያ ወይም ለትርፍ 1 ሰዓት እንኳ የሠራ ሰው ሥራ ላይ ነው ተብሎ ይቆጠራል። ያው ሳምንት የቡና ወቅት ላይ ሲውልና ክረምት ላይ ሲውል የመጋዘኖቹ ቁጥር አይገናኝም፤ ሁለት ዓመታትን የምታወዳድሩ ከሆነ አስቀድማችሁ ወሩን እዩ።

ሁለት ሥራ ያለውስ? አብዛኛውን ጊዜ ዋና የሚባለው ሰዓቱ የሚበዛው ነው። ቀን ባጃጅ 30 ሰዓት ነድቶ፣ ሌሊት አንድ ሆቴል ራሱ ቀጥሮት 42 ሰዓት የሚጠብቅ ሰው፣ ገንዘቡ ከባጃጁ ቢበልጥም፣ ዋና ዘርፉ ሆቴል ነው። ባጃጁ በሁለተኛ ሥራ መስመር ላይ ይጻፋል፤ መስመሩን ባዶ የሚተዉት ይበዛሉ።