ሁለት ሺህ ድምፅ ማለት እኮ እኛው ነን

እንደምን ዋላችሁ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ። በዚህ ዝናብ ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ሲያትል የከንቲባ ምርጫ ተናገር ተብዬ ነው የቆምኩት፣ ማንን ደግፉ ልላችሁ ግን አይደለም፣ እሱ ካለቀ ቆይቷል።

ኖቬምበር 4 ቀን 2025 ማታ ምን ሆነ፣ የመጀመሪያው ቆጠራ ሲወጣ ከንቲባ ብሩስ ሃሬል በ7 ፐርሰንት ገደማ ይመራ ነበር፣ እኔም በቃ አለቀ ብዬ ተኛሁ። ከዛ በየቀኑ እየተቆጠረ እየተቆጠረ ሳምንት አልፎ ተፎካካሪው ኬቲ ዊልሰን በ2 ሺህ ድምፅ ገደማ አሸነፈች። ከ270 ሺህ በላይ ሰው መርጦ በ2 ሺህ! በፋሲካ ሌሊት ቤተክርስቲያኖቻችን ውስጥና ግቢ ውስጥ የሚቆመውን ሰው አስቡት እስቲ።

አሁን አንዳንዶቻችሁ ሁለቱም ዲሞክራት አይደሉ እንዴ፣ ምን ልዩነት አለው ትሉ ይሆናል። ነገሩ እሱ ነው። ለከንቲባ ስንመርጥ ወረቀቱ ላይ ከስማቸው ጎን የፓርቲ ስም የለም፣ ኦገስት ላይ ሁሉም አንድ ላይ ይወዳደሩና ሁለቱ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ኖቬምበር ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ ለፕሬዝዳንት እንደምናደርገው ፓርቲውን አይቶ ቀለም መቀባት አይሰራም፣ ሰውየው ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ አውቶብስ፣ ስለ ሬይነር መንገድ ሴፍቲ ምን እንዳለ ማወቅ አለብን፣ ለዚህ ደግሞ ሰው ለሰው ከማውራት የተሻለ ነገር አላየሁም።

ሲቲዝን አይደለሁም ምን አገባኝ የምትሉ፣ እናንተን ነው በተለይ የምፈልገው። መምረጥ አትችሉም፣ ልክ ነው። ግን የሲያትል ነዋሪ ሆኖ 18 ዓመት የሞላው ግሪን ካርድ ያለው ሰው ዲሞክራሲ ቫውቸር የሚባለውን የከተማውን የምርጫ መዋጮ ኩፖን ማግኘት ይችላል፣ አራት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 25 ዶላር፣ በድምሩ 100 ዶላር ከራሳችሁ ኪስ ሳይወጣ ፕሮግራሙ ውስጥ ለገባ ለፈለጋችሁት ተወዳዳሪ ትሰጣላችሁ። ሕዝቡ በ2015 ድምፅ ሰጥቶ ያመጣው ነገር ነው፣ 2025 ላይም እንዲቀጥል ወስኗል። እኔ ራሴ የመጀመሪያውን ጊዜ ከፒዛ ኩፖን ጋር አብሬ ጣልኩት፣ አትሳቁ፣ ስንቶቻችሁ እንደጣላችሁ አውቃለሁ! መቶ ዶላር ያላችሁ ሰዎች መሆናችሁን የሚያውቅ ተወዳዳሪ ደግሞ በራችሁን ያንኳኳል፣ ቡናም ይጠጣል።

ሲቲዝን የሆናችሁ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፣ ፊርማ። ድምፃችን በፖስታ ስለሆነ ፖስታው ላይ ያለው ፊርማ ካውንቲው ፋይል ውስጥ ካለው ጋር ይተያያል። ላይሰንስ ስታወጡ በእንግሊዝኛ ፈርማችሁ፣ ፖስታው ላይ ሲደርስ በልጅነታችሁ በተማራችሁት በአማርኛ ቆንጆ አርጋችሁ ከፈረማችሁ ድምፃችሁ ይያዛል። ያኔ ደብዳቤ ይመጣላችኋል፣ እንደ ማስታወቂያ አትጣሉት፣ ውጤቱ ከመጽደቁ በፊት ፈርማችሁ ከመለሳችሁት ድምፃችሁ ይቆጠራል። በ2 ሺህ በሚወሰን ምርጫ ይሄ ቀልድ አይደለም።

የመጨረሻው ቀን ማታ 2 ሰዓት፣ በፈረንጁ 8 ማለቴ ነው፣ የድምፅ ፖስታው የሚከተትባቸው ሳጥኖች ይዘጋሉ። ኡበር የምትነዱ ልጆች እናቶችን ሳጥኑ ጋ ብታደርሱልን።

2027 ላይ የሰባቱ ዲስትሪክት የከተማው ካውንስል ወንበሮች ለምርጫ ይመጣሉ፣ ቫውቸሩም በዛው ዓመት መጀመሪያ ላይ ቤታችሁ ይላካል፣ ኦገስት ላይ ደግሞ አንደኛ ምርጫዬ፣ ሁለተኛ ምርጫዬ እያሉ በደረጃ መምረጥ ይጀመራል፣ እሱን ሌላ ቀን በወረቀት እያሳየን እናስረዳለን፣ ዛሬ ካወራሁት ረዝሞ ቡናው ይቀዘቅዛል። ለምዝገባ እርዳታ የሚፈልግ በሩ ጋ ያለው ጠረጴዛ ጋ ይምጣ፣ አድራሻ የቀየራችሁም እንዲሁ፣ ላይሰንሳችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ፊርማውንም እዛው እናያለን።